ኮዱ አንቺ ስልክ ላይ ነው

ይድረስ ለልጄ ለወሰንየለሽ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቦንጋ ዝናቡ አላባራም። እናትሽ ኮሮሪማውን የምታሰጣበት ፀሐይ አጥታ ሳሎን ውስጥ ዘርግታዋለች።

ትተሽልኝ የሄድሽው ኮምፒውተር አስቸገረኝ። የጡረታ ፎርሜን ከኢሜይሌ ላወጣ ብል "የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል" አለኝ። ደጋግሜ ስሞክር ደግሞ እኔ መሆኔን የማረጋግጥበት ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ ላከ፤ የላከው ግን ወደ አንቺ ስልክ ነው። አካውንቱን ስትከፍቺልኝ "የእኔ ስልክ ይጠፋል፣ ያንቺን አስገቢ" ያልኩሽ እኔው ነኝ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ አብዱ መጥቶ ቁጥርሽ ላይ ደወለ። "ጋሼ፣ ይሄ ስልክ ዝግ ነው፤ ሰርዘን ሌላ እናስገባ" አለኝ። ተቆጥቼ አስወጣሁት። "ልጄ ያለችበት አገር በጦርነቱ ኔትወርክ ስለተቋረጠ ነው፣ ማን ሰርዝ አለህ?" አልኩት። ፎርሙም ቢቀር ይቅር።

እናትሽ በየጠዋቱ "እስቲ ኮዱን ላክ የሚለውን ተጫንላት" ትለኛለች። እጫናለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ስክሪኑን እያየን እንቀመጣለን።

ይህን ደብዳቤ ወደ አንቺ በሚወስደው መንገድ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ለሚሄድ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። እመብርሃን ካለሽበት ትጠብቅሽ። ሥራ እንደሚበዛብሽ ስለማውቅ ረጅም መልስ አልጠይቅሽም፤ ስድስቷን ቁጥር ብቻ ላኪልን። የተሳሳተች ብትሆንም ግድ የለም።

አባትሽ ደጉ ወልደሥላሴ