የእማማ ኖላ ግቢ ሦስት ቤት ሆነ

እማዬ፣ የክፉ ቀኔ መጠጊያ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ሰሞኑን እዚያ ደሴታችን ላይ የነፈሰው አውሎ ነፋስ ጣሪያችንን አልነካውም ብሎ ወንድሜ ፔኒሲማኒ ነግሮኛል፤ እሱ መቼም ክፉ ወሬ አይወጣውም፣ እስቲ እውነቱን አንቺ ንገሪኝ። እኛ፣ ለጌታ ምስጋና ይሁንና፣ ሁላችንም ደህና ነን።

መልስ የዘገየብሽ ቤት ስለቀየርን ነው። ሩቅ አልሄድንም፤ የተሻገርነው አንድ አጥር ነው።

ጎረቤታችን እማማ ኖላ፣ ሎሚ በአጥር ላይ የምታቀብለኝ ፈረንጅ አሮጊት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሰፊ ግቢ ብቻዋን ትኖር ነበር። እኛ ከአጥሩ ወዲህ ዘጠኝ ሆነን በሁለት መኝታ ቤት ታጭቀን ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ ደብቄሽ ነው እንጂ፣ ወንዶቹ ልጆች የሚተኙት መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነበር። ትንሿ ፉሲም ክረምት ከገባ ሳል አይለቃትም ነበር።

በሰፈራችን በአንድ ግቢ ከአንድ ቤት በላይ መሥራት ክልክል ነበር። ከተማው ደንቡን ለውጦ ሦስት ቤት ሊፈቅድ ነው ሲባል ሰፈሩ ታመሰ። በዚያው ሰሞን አከራያችን ቤቱን ልሸጥ ነው አለን። ሌላ ብንፈልግ ከቤተ ክርስቲያናችንም ከልጆቹ ትምህርት ቤትም የራቀ እንጂ አልተገኘም። እማማ ኖላን ከወዲያ በኩል የሚዋሰናት ጋሽ ራስል ግን «ልንታፈን ነው፣ ፀሐይ ልንከለከል ነው» እያለ የተቃውሞ ፊርማ ያሰባስባል። እማማ ኖላም ፈረመች ሲባል ሆድ ባሰኝ፤ ሎሚዋን እምቢ አልኳት።

«ምነው፣ መረረሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አጠገቤ ሰው አይብዛ ብለሽ ፈርመሽ የለ? የኔ ልጆች የት እንደሚያድሩ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

አሳዪኝ አለች። መኪና ማቆሚያው ገባች፣ ፍራሹን በመዳፏ ዳሰሰች። «ርጥብ ነው» ብላ ወጣች።

ከተማው ስለ ደንቡ በጠራው ስብሰባ ላይ ጋሽ ራስል ስለ ሁላችንም እሷ ትናገር ብሎ ጋበዛት። በሰማንያ አንድ ዓመቷ ምርኩዟን ይዛ ቆመችና፣ «ፊርማዬን ሰርዙልኝ። ሳላነብ አይደለም የፈረምኩት፣ ሳላይ ነው» አለች።

«ኖላ፣ አበድሽ እንዴ? ሎሚሽን ሊቆርጡት ነው እኮ!»

«ይቆረጥ! አንተ ዝም በል ራስል፤ ያንተ መኪና ከነዚህ ልጆች የተሻለ ቤት ነው የሚያድረው።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኔ ግን እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ደንቡ ጸደቀ። በእሷ ንግግር ብቻ ነው አልልሽም፣ ብዙ ሰው ደክሞበታል። የገረመኝ ቃሏን በገዛ ቤቷ መፈጸሟ ነው። የቤታችን ገዢ ግንባታው እስኪያልቅ እንድንቆይ ለምናልን፣ የራሷን ቤት አስፈረሰች። ሲፈርስ ደጃችን ላይ ተቀምጣ እጄን ይዛ ነበር። «ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው» አለች። ከተሠሩት ሦስት ቤቶች አንዱን ሸጣ ግንበኞቹን ከፈለች፣ በትንሹ ራሷ ገባች፣ ሦስተኛውን በአቅማችን ለእኛ አከራየችን። ፉሲ ከገባን ወዲህ አንድ ቀን አልሳለችም።

ጋሽ ራስል ከስብሰባው ወዲህ ዓመት ሙሉ ሰላም ነሳት። ቅሬታው ከንቱ አይደለም፤ የአትክልት መደቡን ከሰዓት በኋላ ጥላ ይውጠዋል። እሷም አልተከራከረችውም፤ በደጇ ፀሐይ የሚመታውን መሬት አሳየችው። አሁን እያጉረመረመ እዚያ ጎመን ይተክላል፣ እሷ ወንበር አውጥታ ትሰድበዋለች።

ፔኒሲማኒን ሳሚልኝ። ሚስቱ ላቪኒያንም ምጧን ጌታ ያቅልልላት፤ ስሙን ሳትነግሩኝ እንዳታስጠምቁት። አክስቴ አታን፣ የላክሽው ምንጣፍ ሳሎኑን ልክክ ብሎ ሞላው በያት። ባሌ ሞሴሴና ልጆቹ እጅ ይነሡሻል። እማማ ኖላንም ለእናቴ ምን ልበልልሽ ብላት፣ «ልጅሽን ቁጣ ያስተማርሻት አንቺ ከሆንሽ፣ እግዜር ይስጥሽ በያት» አለችኝ።

ልጅሽ ሜሌሴይኒ
ኦክላንድ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2019