በላፕቶፕ የተነሳ ሰናይትን ተናገርኳት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ናሙዎንጎ

ዛሬ በራሴ አፈርኩ።

ጠዋት የትርጉም ሥራዬን ልልክ አሮጌውን ላፕቶፕ ብከፍተው አልነሳም አለ። ቻርጀሩን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ባትሪውን አውጥቼ አስገባሁ፤ ማስነሻውን ተጭኜ ቆየሁ። መብራት እንኳን አላሳይ አለ። አብራኝ የምትኖረው ሰናይት ትናንት ማታ አስመራ ካለችው እናቷ ጋር አውርታበታለች።

"ምን አፍስሰሽበት ነው?" አልኳት።

"ማርያምን! ምንም አላፈሰስኩም። ቻርጅ ላይ አድርጌልሽ ነው የተኛሁት።"

"በማርያም አትማይ! ሁለተኛ ዕቃዬን እንዳትነኪ!"

ቁርሷን ሳትጨርስ ኪኩቦ ገበያ ወዳለው ሥራዋ ሄደች። እኔም ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዤ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጋ ሄድኩ። ሰውየው ገና ቻርጀሩን ከመሰካቱ ላፕቶፑ በራ። ባትሪው አልቆ ነው እንጂ ምንም አልሆነም። ደስ ሊለኝ ሲገባ የሰናይት ፊት ድቅን አለብኝ።

ቤት ተመልሼ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ሳይ ማብሪያው ጠፍቷል። ትናንት ልብስ ተኩሼ ስጨርስ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። እሷ ምስኪን ሳታውቅ ሰክታበት ነው የተኛችው።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ" የሚለውን ቀኑን ሙሉ ስለማመደው ዋልኩ። ማታ ስትገባ ግን ከአፌ የወጣው "ላፕቶፑ ሠራ" የሚለው ብቻ ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ጫማዋን እያወለቀች። ከዚያ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "ራት በልተዋል?" ስትል ጠየቀችኝ።

እስከ ዛሬ ጠዋት ለሰናይት "አንቺ" ነበርኩ።