በምላሴ የለካሁት ጨው

ለውድ ወንድሜ ለአለበል፣

እንደምን ሰነበትክ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? አምለሰትስ፣ ልጃችሁ ማርያማዊትስ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝናቡ እንደጠና ነው፤ በቆሎው ግን አምሯል።

በደብዳቤ የጻፍኩልህ በስልክ አልወጣ ስላለኝ ነው። ወደ ጅቡቲ ስትሄዱ ማርያማዊት ከነመስታወት ገንዳቸው አደራ ከሰጠችኝ ሁለት የባሕር ዓሦች አንዱ ሞቷል። ባለፈው ሁለቱም ደህና ናቸው ያልኳት ዋሽቼ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የውሃውን ጨው እንድለካበት ያሳየኸኝን ባለመርፌ መለኪያ ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። ሠላሳ ዓመት ወጥ የቀመሰ ምላስ እያለኝ ፕላስቲክ ምን ይነግረኛል ብዬ፣ የላክኸውን የባሕር ጨው በባልዲ እየበጠበጥኩ በጣቴ እቀምስ ነበር። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ደህና ሄደልኝ። ፍልሰታ ሲገባ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን ይቀመሳል? የጾሙን ወጥ ሳልቀምስ እንደምሠራው ጨዉንም በግምት አደረግሁት። ገንዳው በጎደለ ቁጥር ደግሞ የምሞላው በዚያው በጨው ውሃ ነበር። በሰባተኛው ቀን ትንሹ ዓሣ ጎኑን ጥሎ አገኘሁት። ትልቁም መብላት ተወ።

ጎረቤቴ እንቁ ዓሣ ሰውን ይቀልባል እንጂ ሰው ዓሣ ይቀልባል ወይ ብላ ሳቀችብኝ። የነፍስ አባቴን መምሬ ክንፈሚካኤልን በጾም የዓሣውን ውሃ ቀምሼ ልትፋው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ መለኪያ እያለሽ ምላስሽን ምን አስቸገረው፤ የአንቺን ጾም ለዓሣው አታሸክሚው አሉኝ።

አፍሬ ገባሁና መለኪያውን አወጣሁ። መርፌው ካሳየኸኝ መስመር እጅግ አልፎ ቆመ። ድስት እሳት ላይ ሲቆይ ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ግን እዚያው ይቀራል። ይህን ከልጅነቴ እያወቅሁ በጨው ላይ ጨው ስጨምር ከርሜያለሁ።

አሁን የቧንቧውን ውሃ አሳድሬ፣ ጨዉን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነስኩ አማስላለሁ። ጠርቶ እስኪያድር እተወዋለሁ። መርፌው መስመሩ ላይ ካልቆመ ወደ ገንዳው አይገባም። ለጎደለው የምጨምረው ጨው ያልነካው ውሃ ነው። የተረፈው ዓሣ እንዳይደነግጥ የገንዳውን ጨው በአንዴ አላቀለልኩበትም፤ ሳምንት ፈጀብኝ። ትናንት ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ በላ።

እናታችን በሹፌሩ በገነነ እጅ በሶ ልከውልሃል። ለአምለሰት እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ለማርያማዊት ግን ሰላምታ አልልክም፣ አንተም አትንገርልኝ። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ደውልና ስልኩን ለእርሷ ስጣት፤ ሰላምታዬን ከእውነቱ ጋር እኔው አደርስላታለሁ።

እኅትህ አስካለ ማርያም
ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.