ስክሪኑን ያጠፋሁበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬ አብዲ ነቃብኝ።

የፋይል ስም እንዴት እንደሚቀየር እያስረዳሁ ነበር። በመሃል እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ለኛ ነው ወይስ ለኮምፒውተሩ ነው የምታወሪው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ግን እውነቱን ነው። አፍንጫዬ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ድምፄ መጀመሪያ እሱ ላይ ተላትሞ ነው እነሱ ጋ የሚደርሰው። አብዲ ከመቻራ የመጣ፣ ሲወለድ ጀምሮ የማያይ ልጅ ነው። ፊቴ ወዴት እንደዞረ ከድምፄ ያውቃል።

ማንም አያነበውም፣ እዚህ ልጻፈው። ኮምፒውተር በጆሮ የማስተምራቸው ተማሪዎቼ ጭራሽ የማያዩም፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ የሚለዩም አሉባቸው። እኔ አስተማሪያቸው በሚያይና በማያይ ሰው መሃል ነኝ። ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው የመጣው። ሐረር ያለው ሐኪም «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» ሲለኝ «ቀስ ብሎ» የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። እስካሁን በቀረችኝ ቀዳዳ፣ ስክሪኑን አጥቁሬ፣ ፊደሉን ነጭና መዳፍ የሚያህል አድርጌ አነብ ነበር። ዛሬ «ሰ»ን ከ«ስ» መለየት አቃተኝ።

አብዲን ምን አልኩት? «መብራቱ ደካማ ስለሆነ ነው።»

እዚያ ክፍል ውስጥ መብራት የሚያስፈልገው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ

እትዬ አልማዝ ዛሬ ያለማንም እርዳታ አንድ ሙሉ መስመር ጻፉ። የሱቃቸውን ስም፣ ከዚያ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» የሚል። ኮምፒውተሩ በዚያ በደረቅ ድምፁ ሲያነብላቸው፣ «አነጋገሩ የሰው አገር ሰው ይመስላል፤ ግን ያልኩትን ነው ያለው» ብለው ተደሰቱ።

እትዬ አልማዝ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከባላቸው ጋር ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱት ነው። ዓይናቸውን ስኳር ወሰደው። አሁን ሱቁን ልጆቻቸው ይሠራሉ፣ እሳቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። መቀመጡ ነው ያንገሸገሻቸው። መርካቶ ላለው አከፋፋይ እንደ ድሮው ራሴ ልዘዝ ብለው ነው እኔ ጋ የመጡት።

እረፍት ላይ ጠሩኝ። «ሀኒዬ፣ መስኮቱ ጋ ነሽ አይደል? እስቲ ውጪውን ንገሪኝ። ተራራው ዛሬ እንዴት ነው?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ነጭ ነገር ነው ያለው። ብርሃን ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ዝም ማለት አቃተኝና ነገርኳቸው። ጫፉ ላይ ዳመና ተኝቷል፣ ከታች ማሳው ለምልሟል፣ አንዲት ሴት ቀይ ሻሽ አስራ ቁልቁል ትወርዳለች።

«የምን ዳመና?» አለ አብዲ። «ፀሐዩ ክንዴን እየጠበሰኝ ነው!»

ፊቴ ጋለ።

«ተወው አንተ» አሉ እትዬ አልማዝ። «ደስ የሚል ዳመና ነው።»

ከዚያ በኋላ እጄን ይዘው ትንሽ ቆዩ። የነገርኳቸው ተራራ በልጅነቴ በአባቴ መኪና ስናልፍ ያየሁት ነው። ሴትዮዋም የዚያን ጊዜ ናት። ፊት ለፊቴ የቆመ ተራራ ናፈቀኝ።

ረቡዕ

ሀያት ደወለች። የፊት ጥርሷ ወለቀ!

ልጄ ሂርና እናቴ ጋ ነው ያለችው። አባቷ ጅጅጋ ሌላ ትዳር ይዟል፣ እኔ ደግሞ ሥራዬ ጭሮ ነው። ትምህርት ሲከፈት እኔ ጋ መጥታ አንደኛ ክፍል እንድትገባ ተስማምተናል። ማለት እኔና ሀያት ተስማምተናል። እናቴ «እናያለን፣ ኢንሻአላህ» ነው የምትለው።

«እማ፣ ነይና እዪው! ምላሴ በቀዳዳው ይወጣል!»

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ማየት የምፈልገው፦ የጥርሷን ቀዳዳ። ሳቋን፣ በቀዳዳው ሲሆን። አስተማሪዋ ያመሰገነችላትን ሥዕል። ቁመቷን፣ በሩ ላይ ካለው ጭረት ጋር። አንገቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ነጥብ። አለች አይደል አሁንም? የት ትሄዳለች።

ሐሙስ

መብራት ጠፋ። ልክ እትዬ አልማዝ የመጀመሪያ ኢሜይላቸውን ሊልኩ ሲሉ።

ኮምፒውተሮቹ በባትሪ መሥራት ቀጠሉ። አብዲ፣ «ስክሪን እናጥፋ፣ ባትሪው ይቆያል። ለምን ይበራል?» አለ። ትክክል ነው። አንድ በአንድ አጠፉ። እኔ የራሴን ተውኩት።

«ቲቸር፣ ያንቺም ይጥፋ። ላኪው እኮ ያንቺ ኮምፒውተር ነው።»

ኢንተርኔት ያለው የኔ ላይ ብቻ ነው፣ በስልኬ። አጠፋሁት።

ጨለማ ሳይሆን ባዶ ነው የሆነብኝ። ጣቶቼ ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉትን ጉብታዎች ያውቃሉ፣ ትእዛዞቹንም አውቃለሁ፣ በየቀኑ አስተምራለሁ። ግን ለካ ሁልጊዜ አንዴ ጆሮዬን፣ አንዴ ዓይኔን እያልኩ ነበር የምሠራው። የኮምፒውተሩ ድምፅ ሮጠብኝ። የእትዬ አልማዝን መልእክት የርእስ ቦታ ላይ ጻፍኩት። ልመልሰው ስል ሌላ መስኮት ውስጥ ገባሁ። ከዚያ የት እንዳለሁ ጠፋብኝ። ቁልፎቹን ዝም ብዬ እመታ ነበር፣ ድምፁም አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል።

«ሱታ፣ ቲቸር፣ ሱታ» አለ አብዲ። ቀስ በይ ማለቱ ነው። «እጅሽን አንሺ። መጀመሪያ አድምጪ። የት ነው ያለሁት ብለሽ ጠይቂው፣ ይነግርሻል።»

ይህ የኔ አባባል ነው። ለሱ ያልኩት፣ በመጣበት ሰሞን፣ ተናዶ ኪቦርዱን ሲገፋ።

እጄን አነሳሁ። ተነፈስኩ። ጠየቅኩት። ነገረኝ። ወደ መነሻው ተመለስኩና እንደገና ጀመርኩ። እትዬ አልማዝ ወንበራቸውን አስጠግተው እያዳመጡ «እዚህ ጋ፣ አዎ እዚህ ጋ» ይሉኛል። መልእክቱ ተላከ። አጨበጨቡ፣ አብዲ አፏጨ።

እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ከግድግዳው ኋላ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም።

ቅዳሜ

ሂርና። ገና ከሚኒባሱ ስወርድ የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ሰማሁ። እየሮጠች መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። አድጋለች፤ ጭንቅላቷ ድሮ የማይደርስበት ቦታ ደርሷል።

«እዪ!» አለች አፏን ከፍታ።

አገጯን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኳት። ፈለግኩ። አፍንጫዋን አገኘሁ፣ ጠፋኝ። የጆሮ ጌጧ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። አፏ ያለበት ቦታ ጉም ነው።

«ማሻአላህ! ትልቅ ቀዳዳ!» አልኳት።

አፏን ዘጋች። «አላየሽውም እኮ። ዓይንሽ ግንባሬን ነው የሚያየው።»

ምን ልበላት? እሷ ግን አልጠበቀችኝም። ጣቴን ይዛ አፏ ውስጥ ከተተችው። እርጥብ፣ ለስላሳ ድድ። ከመሃሉ ደግሞ አንድ ስለት የመሰለ ነገር ወጋኝ።

«ሀያት! አዲሱ እየመጣ ነው!»

ማንም አላየውም ነበር። እናቴም፣ እሷም። መስታወት ልታመጣ እየጮኸች ሮጠች። መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ከምሳ በኋላ እናቴ ሀያትን ጎረቤት ላከቻትና አጠገቤ ተቀመጠች። እንደማይቀር አውቅ ነበር።

«ሀናን፣ ውሃ ስሰጥሽ እጅሽን ፈልጌ የማስይዝሽ ለምን ይመስልሻል?»

«አያለሁ እማ። ማታ ማታ ነው የሚደክመኝ።»

«አሁን እኩለ ቀን ነው።»

ሻሼን አስተካከልኩ።

«ልጅቷ እዚሁ ትቅር። እዚያ መንገዱ ሁሉ ባጃጅ ነው። ብትታመምብሽስ? ብትጠፋብሽስ? አንቺም ብትመጪ ነው የሚሻለው። ቤትሽ ነው። ትቀመጫለሽ፣ ምንም አይጎድልብሽም።»

በክፋት አይደለም ያለችው፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እኔ ግን እትዬ አልማዝ ናቸው የታወሱኝ፣ ሱቁ በር ላይ፣ ምንም ሳይጎድልባቸው።

«አያለሁ አልኩሽ እኮ!» ብዬ ተነሳሁ። ስነሳ በርጩማውን ጣልኩት።

እሁድ

ከእናቴ ጋር ምንም ሳንስማማ፣ ያለሀያት ተመለስኩ።

መናኸሪያው ድረስ ሸኙኝ። ሀያት አላለቀሰችም፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ረዳቱ «ጭሮ! ጭሮ!» እያለ ይጮሃል፣ የጫት ጭነት የያዙ ሰዎች ይገፉናል። ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና፣ «እማ፣ እዚያ ስትሄጂ ፊቴን ትረሺዋለሽ?» አለችኝ።

«አልረሳውም» ለማለት አፌን ስከፍት ሰው መሃላችን ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

መንገዱን ሁሉ ፊቷን ለማምጣት ሞከርኩ። የሚመጣው የድሮው ነው፣ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ጥርሷ ሙሉ። የአሁኗን ሀያት የማውቃት በክብደቷ፣ በጸጉሯ ሽታ፣ በእግሯ ድምፅ ነው። አጠገቤ ሆና ስትስቅ እንኳ የምትናፍቀኝ ለዚህ ነው መሰለኝ። ለማንም ብነግር አይገባውም፣ ያቀፍኩትን ልጅ መናፈቅ።

ሰኞ

ነገርኳቸው። ክፍል እንደገባሁ፣ ወንበር ሳልይዝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔም በጆሮዬ ነው የምሠራው። ዓይኔ አልቋል።» ተለማምጄው ነበር፣ ቢሆንም መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረ።

አብዲ፣ «እናውቃለን፣ ቲቸር» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እንደ ሰሞኑ አልቀለደም።

እትዬ አልማዝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ቀለም ይረሳል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዋሽተው ሊያጽናኑኝ ይችሉ ነበር።

«ይደበዝዛል» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት ጣቃዎቹን በሐሳቤ ከመደርደሪያ አወርዳቸዋለሁ። ቀዩ አለ፣ ሰማያዊው አለ። ወይን ጠጁ አልመጣ ካለኝ ቆየ። አልቅሼለታለሁ። ግን ጨርቁን ስዳብሰው የትኛው እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ዋጋውንም አልሳሳትም።»

«እኔ ምንም አይቼ አላውቅም» አለ አብዲ። «ግን ቡና ሲሰጣ ያለው የግቢያችን ሽታ አለ፣ እናቴ በእግሯ ስታገላብጠው ድምፁ አለ። እሱ ሲናፍቀኝ ምግብ አይበላልኝም። ናፍቆት በዓይን ነው እንዴ?»

ከዚያ ትምህርት ጀመርን። ስክሪኔ ጠፍቶ። ብዙ ጊዜ ተሳሳትኩ። ፊቴ ግን ወደነሱ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እማ፣ ቅዳሜ ዋሽቼሻለሁ። አላይም። የሀያትን ፊት አላየሁትም። ግን ሥራዬን አልተውም፣ ልጄንም እፈልጋለሁ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከኋላ በግ ይጮሃል።

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

ምን እሺ?

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ አልደወለችም። እኔም ፈራሁ። እትዬ አልማዝ ከመርካቶ መልስ መጣላቸው፣ «ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ምነው ጠፉ?» የሚል። ደግመው ደግመው አስነበቡት። ደስታቸው ለእኔም ደረሰኝ፣ ግን ጆሮዬ ስልኬ ላይ ነበር።

ከሥራ ወጥቼ ቤት ስገባ ጠራ።

«ሐሙስ እንመጣለን» አለች እናቴ። ሰላምታም የለ።

«ማን እና ማን?»

«እኔና ሀያት ነና። ሰንበት እንላለን። እንዴት እንደምትኖሪ ልየው። እንዴት እንደምታበስዪ፣ መንገድ እንዴት እንደምታቋርጪ። እስካይ ድረስ እሺም እምቢም አልልሽም።»

«እሺ እማ።»

«ከቅዳሜ ጀምራ ዓይኗን ጨፍና ነው ቤት ውስጥ የምትዞረው ይቺ ልጅ። ሁለት ብርጭቆ ሰበረችብኝ። እማ እንዴት እንደምታደርግ ልወቅ ትለኛለች።» ጉሮሮዋን ጠራረገች። «አልጋሽ ለሦስት ይበቃል?»

«ይበቃል» አልኳት።

አይበቃም።