ድልድዩ ሲወዛወዝ ራሳቸውን ለማያዞራቸው ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን የገጠር መሻገሪያዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የተቀመጡበትን ወንበር ፈጣሪ በአራቱም እግሩ ያጽናልዎ። እኛ ከጉብሬ ወዲያ በሸለቆው ግራና ቀኝ የምንኖር ሰዎች ከመወዛወዛችን በስተቀር ደህና ነን። እኔ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስሆን፣ ይህን ምስጋና በአደባባይ የማቀርበው በቢሮዎ በኩል የላክነው ሁሉ መንገድ ላይ እየቀረ ስላስቸገረን ነው።

1ኛ. በገደሉ ላይ በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ስለተዘረጋልን ረጅም ድልድይ እናመሰግናለን። ክረምቱ እንደወጣ ደግሞ ወለሉን በግራና በቀኝ ከገደሉ ጋር ወጥረው የሚይዙትን ገመዶች «ለእድሳት» ብለው አስፈትተው ስለወሰዱልን ምስጋናችን እጥፍ ሆኗል። ለጉዳይ ግቢዎ የገቡ ሁሉ እንደመሰከሩት፣ ገመዶቹ የቢሮዎን ጽጌረዳ አጥረው በታማኝነት ሲያገለግሉ ከርመዋል።

2ኛ. መሐንዲስዎ አቶ አምሀ መጥተው ነገሩን ሳይደብቁ አስረድተውናል። ነፋስ ከጎን ሲመታው ወለሉ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ግፊቱ ከድልድዩ ከራሱ ውዝዋዜ ጋር ከገጠመ፣ ዥዋዥዌን በየምልሱ እንደመግፋት ስለሆነ እየባሰ ይሄዳል፤ ሞተር ሳይክልና እኩል የሚረግጥ ሰው ሲታከልበትማ አይጣል ነው። ስለዚህ ገመዶቹ ቶሎ ይመለሱ አሉ። ክቡርነትዎም ምክራቸውን ሰምተው፣ እሳቸውን ቶሎ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩልን። እኛንም «ተንጠልጣይ ድልድይ መወዛወዙ የጤንነት ምልክት ነው» ብለው አረጋጉን።

3ኛ. ይህንኑ የጤንነት ምልክት ባለፈው የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ በሚገባ አየነው። ምጥ የጠናባትን ዛህራን ባለቤቷ ናጃህና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው፣ እኔም ከጎናቸው ሆኜ፣ ማዶ ወደቆመው አምቡላንስ እየተሻገርን ነበር። መሃል ስንደርስ ነፋሱ ከሸለቆው ተነሳ። ተሸካሚዎቹ ለመፍጠን ብለው እርምጃቸውን እኩል አደረጉ፤ ከፊት ለፊታችንም እህል የጫነ ሞተር ሳይክል ገባ። ወለሉ ከእግራችን ሥር ሸሸ፤ ተመልሶም ጉልበታችንን መታን። ከፊት የያዘው ኢስሀቅ በክንዱ ላይ ወደቀ፣ ቃሬዛው ወደ ገደሉ ዘመመ፣ ናጃህ በደረቱ ተደፍቶ ሚስቱን ያዛት።

«ያ አላህ! አስቀምጡኝ፣ ልጄ መጣ!» ብላ ጮኸች።

አስቀመጥናት። ሞተረኛው ሞተሩን አጥፍቶ በሆዱ እየተሳበ መጣና ከሌሎቹ ጋር ዙሪያዋን ተኝቶ ከለላ ሆናት። እኔ በአንድ እጄ የድልድዩን መደገፊያ፣ በሌላው ሕፃኑን ያዝኩ። ብዙ እናቶች አዋልጃለሁ፤ እየተወዛወዝኩ ሳዋልድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወንድ ልጅ ነው። እናትም ልጅም በሰላም አሉ፤ የኢስሀቅ ክንድ ግን በጄሶ ታስሯል።

ከዚህ በኋላ የተደረገውን ያውቁታል። ክቡርነትዎ ለስብሰባ ወልቂጤ በሄዱበት ዕለት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ግቢዎ ገብተን ገመዶቹን ከጽጌረዳው ፈታን፤ አቶ አምሀም በእረፍት ቀናቸው መጥተው በየቦታቸው አስወጠሩልን። አሁን ነፋስ ሲመጣ ድልድዩ ነቅነቅ ብሎ ይተወዋል። «የመንግሥት ንብረት ተዘረፈ» ብለው ለፖሊስ ማመልከትዎን ሰምተን ስለደከሙልን አዝነናል። ንብረቱ የተገኘ ስለሆነ፣ ነፋስ በበረታበት የገበያ ቀን መሃል ድረስ መጥተው ቢረከቡን በታላቅ አክብሮት እንጠብቅዎታለን።

ሁለት እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ይህን የጻፍኩ፣ መልስ ባለመስጠት ያሳዩን ትዕግሥት ዘወትር የሚያስደንቀኝ፣
ፀጋ ወልደአማኑኤል

ማሳሰቢያ፦ ለሕፃኑ የእርስዎ ስም ይውጣለት የሚል ሐሳብ ከሽማግሌዎች ቀርቦ ነበር። ናጃህ ግን «ልጄን ስጠራው አቤት እንዲለኝ እፈልጋለሁ» ብሎ አብዱልሃፊዝ አለው።