ድንኳን ለተተከለለት ወንድሜ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአማኑ፣

እንደምን አለህ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍ በደንብ ይወስድሃል? ሥራው፣ ብርዱ፣ የምታድርበት ቤት፣ አብረውህ ያሉት ልጆች እንዴት ናቸው? ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ መጠያየቅ ወግ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ለወጉ አይደለም የምጠይቅህ። እንደምን አለህ ስልህ፣ አለህ ወይ ማለቴ ነው።

እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሙሐሲን ነው፤ እዚያ ደቡብ አፍሪካ፣ አንተ ካለህበት ከተማ ሱቅ ያለው የሰፈራችን ልጅ። ለእህቱ ሰርግ መጥቶ ነበር፣ እሑድ ይመለሳል። እኔ ስደውል ከሐምሌ ጀምሮ አታነሳም፤ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ስልክህ ለማንም አይጠራም። እማዬ የራሷ ስልክ ስለሌላት በኔ ስልክ ነበር የምታገኛት። እኔን ስትተወኝ እሷንም አብረህ ተውካት።

ከሁሉ በፊት ጥፋቴን ልናገር። ሌቦች ሱቅህን ሰብረው ሲገቡ ከባዶው ፍሪጅ ጀርባ ተጣጥፈህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ እንደተረፍክ የነገርከኝ ለእህትህ ብለህ ነው እንጂ ለፊልም ጸሐፊ ብለህ አይደለም። «ለእማዬ እንዳትነግሪ» አልከኝ፤ አልነገርኳትም። በሳምንቱ ግን ጻፍኩት። ይባስ ብዬ የልብ ልብ ተሰምቶኝ ደወልኩና አነበብኩልህ። ደስ ይለዋል ብዬ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ሞኝ አይተህ ታውቃለህ? እስከ መጨረሻው ሰማህና «መከራዬን ነው የምትሸጪው? ከዛሬ ጀምሮ እንደሞተ ወንድም ቁጠሪኝ» ብለህ ዘጋኸው። ያን ቃል ሰምቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ቃሉን ጽሑፉ ውስጥ አስገባሁት። እህትህ እንዲህ ናት።

ኑሮዬን ታውቀዋለህ። አሁንም ዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ። ጠዋት ሳሮንን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ለእማዬ ቁርሷን ሰጥቼ እከፍታለሁ። ኃይለኢየሱስ ቡና በደረሰ ቁጥር ወርቃ ያለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ስለሚከርም ባሌን የማየው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ተማሪ ጋብ ሲልልኝ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ በምተይብባት ኮምፒዩተር የራሴን የፊልም ጽሑፍ እጽፋለሁ። ዋናዋ ሴት ልታለቅስ ስትል አንዱ ይገባና «እህት፣ ይሄን በሁለት ኮፒ፣ ቶሎ በይ፣ አድቫይዘሬ እየጠበቀኝ ነው» ይለኛል። እሷም እንባዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ፈጀሁ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት ሙሉ በድን ነበር፤ ነፍስ የዘራው ያንተ ነገር ሲገባበት ነው። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ላለች ሰላማዊት ለምትባል የፊልም ዳይሬክተር ላክሁላት፣ ወደደችው። ውሉም መጥቷል። እስከ ኅዳር 30 ፈርሜ ካልላክሁ በኔ ፈንታ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይሠራሉ።

ሰላማዊት «ንግግሩ በሰው አፍ ሲነገር ስሚው፣ ያኔ ይገባሻል» ስላለችኝ፣ የመጨረሻውን ክፍል አሳጥሬ ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች የድራማ ቡድን ሰጠሁ። መስከረም 26፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አቀረቡት። ደቡብ አፍሪካ የሄደው ልጅ ከእህቱ ጋር ይጣላል፣ ያንን ያንተን ቃል ተናግሮ ስልኩን ይዘጋል፣ በመጨረሻም በሰው አገር ይሞታል። እናቱን የሚጠራት «የኔ እመቤት» እያለ ነው። እማዬን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ካንተ በቀር ማን አለ? ሳላስበው ነው የገባው ብልህ ታምነኛለህ? እማዬ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ምእመኑ ሁሉ ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም። ሲያልቅ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝና «ደግ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ ልጄ፣ በለዘበ መንገድ ነገርሽኝ» አለችኝ። ድራማውን የወደደችው መስሎኝ ደስ አለኝ። ቤት ስንገባ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠች።

መርዶ በኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። በድንገት አይወረወርም፤ ሰውየው ቀስ በቀስ እንዲጠረጥር ይደረጋል፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሎች ይመጣሉ። እማዬ ድራማውን የቆጠረችው የዚያ መጀመሪያ አድርጋ ነው። አልሞተም ባልናት ቁጥር ይበልጥ ታምናለች፤ ሞተህም ቢሆን የምንላት ያንኑ ነበርና። አባዬ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነገራት። ፓስተሩ ቤት ድረስ መጥቶ ነገራት። «ገባኝ፣ ቀኑን እየጠበቃችሁ ነው፣ እጠብቃለሁ» ብላ አመስግና ሸኘችው። ጸሎት ቤት ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ ቤቴል ራእይ አይታ ነው የጻፈችው ይላል፤ ይህም እማዬ ጆሮ ደርሷል። ጎሕ ሲቀድ ተነስታ ግቢውን ትጠርጋለች፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ታወጣለች፣ ፊቷን ታጥባ በሩ ፊት ትቀመጣለች። ፀሐይ ወጥታ ማንም ሳይመጣ ሲቀር ወንበሮቹን መልሳ ታስገባለች። ሳሮን አንድ ቀን ማን ነው የሚመጣው ብላ ብትጠይቃት «የአጎትሽን ነገር ይዘው የሚመጡ ሰዎች» አለቻት። ልጄ አንተ የምትመጣ መስሏት አሁን አብራት ትጠብቃለች።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ የሆነውን ደግሞ ልጻፍልህ። ኃይለኢየሱስ ቡና በጫነ አይሱዙ ከወርቃ መጥቶ፣ ከሾፌሩና ከጣቢያው ዘበኛ ጋር አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ደረሰ። ብርድ ስለነበር ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። የሚያንኳኳው በር የራሱ ቤት በር ነው፣ ምን ያስብ? እማዬ ግን በማለዳ ጋቢ የለበሱ ሦስት ወንዶች አየች። ማን ነው እንኳ አላለችም። አማኑ፣ እንዲህ ያለ ጩኸት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ስምህን እየጠራች፣ በጌዲኦኛ እያለቀሰች ራሷን መሬት ላይ ጣለች።

ከእንቅልፌ ባንኜ ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ደረቱን እየመታ ግቢውን ሞልቶታል። ኧረ አልሞተም ብዬ ጮህኩ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘውኝ «አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ። ኃይለኢየሱስ እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው እያለ ሲለፈልፍ የሚሰማው ሰው አጣ። ወዲያው የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ስምህ ከነአባትህ ስም በየመንደሩ ተጠራ። አባዬ ለቡና ለቀማ ከሄደበት ከዱመርሶ በሞተር እየበረረ ሲደርስ የድንኳኑ ሁለት ቋሚዎች ቆመዋል። የእድሩን ዳኛ እጅ ይዞ ይለምነዋል፣ ዳኛው ደግሞ ኀዘን አእምሮውን የነካው መስሎት ያባብለዋል። እንዲህ ሲባባሉ ረፋዱ ደረሰ። ከብዙ ንግግር በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ለቀስተኛውም አፍሮ ተበተነ። በማግስቱ ደግሞ ወሬው ጨለለቅቱ ደርሶ አክስታችን ስመኝ እያለቀሰች መጣች፤ እሷን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብን። እማዬ ብቻ ንቅንቅ አላለችም። እንዲያውም አሁን ማስረጃ አግኝታለች። «ጡሩምባ ተነፍቶ የለም እንዴ፣ እድር ይዋሻል?» ትላለች። የግፊት መድኃኒቷን ለማን ብዬ ነው የምውጠው ብላ ትታለች። በግድ ስንሰጣት ከጉንጯ ሥር ትይዝና ትተፋዋለች። ልብሷ ሰፍቷት ታየኛለች።

ከዚህም የሚብሰውን ልንገርህ። ያንኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እማዬን አስተኝቼ ደብተሬን አወጣሁ። ሁሉንም ጻፍኩት፤ ጋቢዎቹን፣ ሁለቱን ቋሚዎች፣ ክንዴን የያዙኝን ሴቶች። ማንም አላዘዘኝም። ለሰላማዊት ስነግራት «ቤቲ፣ ይሄ እኮ ከጻፍሽው ይበልጣል፣ መጨረሻው ይሄ ነው» አለችኝ። ልክ ናት፤ የሚያንገበግበኝም ልክ መሆኗ ነው። ውሉ ሱቁ ውስጥ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። አልፈልገውም ብልህ እዋሻለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የሰው ጽሑፍ ስገለብጥ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን የራሴ ስም ሲነበብ ማየት እፈልጋለሁ። ኃይለኢየሱስ «እኔ አልከለክልሽም፣ ግን ይሄ የወንድምሽ ነው፣ እሱን ጠይቂ» ብሎኛል። እኔም መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ሙሐሲን ሰኞ ዕለት እማዬን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። በመስቀል ሰሞን በዓይኑ እንዳየህ፣ አብራችሁ ምሳ እንደበላችሁ ነገራት። ምን ለብሶ ነበር አለችው። አሰበና ሰማያዊ ሹራብ አላት። ከስቷል ወይስ ወፍሯል፣ ጺሙን ይላጫል ወይ፣ ሲስቅ አየኸው ወይ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችው፣ ሁሉንም መለሰ። በመጨረሻ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «ተው ልጄ፣ ለእህትህ ደስታ መጥተህ እኔን ለማባበል ስትል ኃጢአት አትግባ» አለችው። ስሸኘው በር ላይ እጁን ያዝኩና ለኔ እውነቱን ንገረኝ አልኩት። ጥቅምት ላይ ሸቀጥ ይዘህ ወደ ገጠር እንደሄድክ፣ ኔትወርክ የሌለበት አገር እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ እንዳላገኘህ ነገረኝ። ሲነግረኝ መሬት መሬት ያያል። አማኑ፣ ያኔ እኔም ፈራሁ። ለእማዬ እንደሚደረገው ለኔም እየተደረገ ቢሆንስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ በማለዳ በር ሲንኳኳ ልቤ ቀጥ ይላል።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ለኔ አትደውል። ሙሐሲን የኃይለኢየሱስን ቁጥር ይዞልሃል፤ በእሱ ደውልና እማዬን አቅርቡልኝ በል። የድምፅ መልእክት አትላክ፣ ድሮ የተቀዳ ነው ትላለች። ፎቶም አታምንም። ራስህ አናግራት፣ ሙሐሲንን እንደመረመረችው ስትመረምርህ ታግሠህ መልስላት፣ ስትቆጣህም ስማት። እኔን ከፈለግህ ከዚያ በኋላ ስደበኝ። የጽሑፉን ፍርድ ላንተ ትቼዋለሁ። አትፈርሚ ካልከኝ ውሉን እቀደዋለሁ። ፈርሚ ካልከኝም የፍሪጁን ነገርና የተናገርከውን ቃል ከጽሑፉ ውስጥ አወጣቸዋለሁ። ኅዳር 30 ቢያልፍም ይለፍ፣ ካንተ ሳልሰማ አልፈርምም። ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነውና ጻድቅ አድርገህ አትየኝ።

አባዬ ሰላም ብሎሃል። ብዙ አይናገርም፣ ዘንድሮ ቡናው ጥሩ ይዟል በይው አለኝ። ኃይለኢየሱስ ሰላም ይልሃል፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት ሲመጣ ከመንገዱ ጀምሮ የራሱን ስም እየጮኸ ነው የሚገባው። አክስቴ ስመኝ ጉንጩን ሳሚልኝ ብላለች፣ እንዴት አድርጌ እንደምስም ግን አልነገረችኝም። ሳሮን ፊደል ስለቆጠረች ከወረቀቱ ጀርባ ስምህን ጽፋልሃለች።

እማዬ ሰላምታ አልላከችም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ መጥታ ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ለአማኑ አልኳት። ፀጉሬን እየደባበሰች «ለእሱ አይደለም ልጄ፣ እዚያ ላሉት ሰዎች ጻፊ፤ አፈር ያለበሰው ማን እንደሆነ ስሙን ይላኩልኝ፣ እናቱ በሌለችበት የልጄን ፊት የሸፈነውን ሰው በስሙ ጠርቼ ልመርቀው» አለችኝ። ያለችኝን አድርሻለሁ። መልሱን በራስህ አፍ ስጣት።

እህትህ ቤቴል
ዲላ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.