የላውንደሪውን ጸጥታ ላመሰገኑት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለሆስፒታላችን ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉሮሮዎ እንደምን ነው? እኛ ከወለሉ በታች ያለን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች፣ ክቡርነትዎ ከላይ ሆነው ስለ እኛ በማሰብ ብዛት እንዳይታመሙብን ስለምንሰጋ፣ ደህንነትዎን ሳንመኝ የዋልንበት ቀን የለም።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ብልክ ደንቡ እንደሆነ አላጣሁትም። ሆኖም ከዚህ በፊት አሽገን የላክናቸው ሁሉ መልስ ሳያገኙ ስለቀሩ፣ ምናልባት ፖስታ መቅደድ እጅዎን ያደክመው ይሆናል በሚል አሳቢነት ይህኛው ተከፍቶ እንዲደርስዎ አድርጌያለሁ። በመንገዱ ላይ ሌላ ሰው ቢያነበው እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ወደ እኛ የወረዱት አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ ክፍሉን ላስታውስዎ። በጓሮ በር ገብተው ደረጃውን ሲወርዱ ማጠቢያዎቹ በስተቀኝ፣ ማድረቂያዎቹ በስተግራ ናቸው። መስኮት የለንም። ነበረን፤ ጄኔሬተሩ ሲተከል ተደፈነ። በእንፋሎቱና ዓይን በሚያቃጥለው በረኪና መካከል አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። እኔና ሬዲዮ ዕድሜያችንን ያሳለፍነው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ሬዲዮ የእናት አባት ስሟ አይደለም። እንዲህ ያልናት ጠዋት ጋውኗን ስትለብስ ተከፍታ፣ ማታ ጋውኗን እስክትሰቅል ስለማትዘጋ ነበር። ዜና ነበራት፤ አውቶቡስ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ጎረቤቷ አንድ አስቀያሚ ሶፋ በበር አልገባ ብሎት እንዴት እንዳለቀሰ፣ ሁሉንም በየሰዉ ድምፅ እየተናገረች ታቀርበው ነበር። ዘፈን ነበራት። ማስታወቂያ ሳይቀር ነበራት፤ ወሬዋን አጋምሳ «ይህን ዝግጅት ያቀረበችላችሁ ልጄ ናት፤ ዘንድሮም ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች» ትልና ትቀጥላለች። ከማዋለጃ ክፍል የወረደ አንሶላ በእጇ ሲገባ «እንኳን ደህና መጣህ ጌታዬ፣ ምነው ዘገየህ?» ትለዋለች፤ ሰላምታው ላዲሱ ሕፃን መሆኑን የማያውቅ ሰው ለአንሶላ ሰላምታ የምትሰጥ እብድ ይላታል። እኛ ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ቆመን መዋል የቻልነው በእሷ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ከጠረጴዛው በላይ «በሥራ ሰዓት ወሬና ሳቅ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ፣ እንፋሎቱ እንዳያበላሸው በላስቲክ ተለብጦ እንዲሰቀልልን ስላደረጉ በክፍሉ ስም አመሰግናለሁ። በአየር ማስወጫው ቱቦ በኩል ሳቃችን ፎቅ ድረስ እየተሰማ አንድ የተከበሩ ጠያቂ ቅር መሰኘታቸውን ሰምተናል። ሆስፒታል ውስጥ ሳቅ መሰማት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እኛ መሃይማን አልገባንም ነበርና ስላስተማሩን ውለታዎን አንረሳም። ሬዲዮ ማስታወቂያውን ሁለቴ አነበበችውና «ድምፅ ቀንሱ ነው ያሉት፤ ዝጉ አላሉም» አለች። ከዚያ ጀምሮ በሹክሹክታ ታወራ ነበር። ሹክሹክታዋ ደግሞ ይብሳል፤ ሳቅን አፍኖ እንደመያዝ የሚያስቅ ነገር የለም።

፪ኛ. ከዚያ ድምፅዋ መጎርነን ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ። እሷም «ባትሪዬ ደክሟል፣ ጸሐይ ላይ ላስጣው» እያለች ትቀልድ ነበር። ጉንፋኑ የሁላችንንም የድምፅ መጎርነን ይዞ ሲሄድ የእሷን ትቶባት ሄደ። ሞቅ ያለ ውሃ ጠጣች፣ ማር ላሰች፣ ሻርፕ ጠመጠመች፤ ቀስ በቀስ ዳቦውን በሻይ ካላራሰች መዋጥ አቃታት። አለቃችንን የሐኪም ፈቃድ ስትጠይቀው «አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም፣ ጓደኛሽን ምን ላድርጋት? ተተኪ እስኪላክልን ትንሽ ቻይው» አላት። ተተኪዎችን ያስቀሩት ክቡርነትዎ ስለሆኑ አለቃችን ከየት ያምጣ? ደግማ ጠየቀች፤ ያንኑ መለሰላት። ሠራተኛ ያለ አለቃው ፈቃድ ሥራውን ጥሎ ወደ ሕክምና ክፍሎች እንዳይወጣ ያወጡት መመሪያ፣ ከራሳችን ጣሪያ በላይ ያሉትን ሐኪሞች ከእኛ ከመሰሉ በሽተኞች ስለጠበቀልን ከልብ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ስለ ጉብኝትዎም አመሰግናለሁ። እንግዶችዎን አስከትለው፣ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ሲወርዱ እኔና ሬዲዮ አንሶላ ዘርግተን ነበር። ያን ጊዜ ድምፅዋ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ሬዲዮ ዝም ካለች ደግሞ ሌላው ምን ብሎ ያወራል? ክፍሉ በሙሉ የማሽኑን ድምፅ ብቻ እያዳመጠ ይሠራ ነበር። ክቡርነትዎ ቆመው ዙሪያውን አዩና ለእንግዶችዎ «ጸጥታውን አያችሁ? ሥርዓት ያለው ክፍል ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ቀጥለው ወደ ሬዲዮ ዘወር ብለው «በርቱ» አሏት። እሷ ጨዋ ናትና ልታመሰግንዎ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ክቡርነትዎ ከአክብሮት ብዛት የተነሣ ቃል ያጠራት መስሎዎት ራስዎን ነቅነቅ አድርገው አለፉ። እኔ ግን በአንሶላው ሌላኛው ጫፍ ስለነበርኩ ጫፏን አጥብቃ ስትጨብጠው ጨርቁ ሲወጠር ተሰማኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በማግስቱ ፈቃድ ሳልጠይቅ ክንዷን ይዤ ወጣሁ። ዋናው በር ላይ ጥበቃው «በጋውን በዚህ አይገባም፤ የሠራተኛ መግቢያ በጓሮ ነው» አለን። ልከራከረው ስል ሬዲዮ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ፤ ጋውኗን እዚያው ደረጃው ላይ አወለቀች፣ በለመደችው እጅ አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች፣ ከዚያም እንደማንኛውም በሽተኛ አለፈች። ጥበቃው «እግዜር ይማርሽ እናቴ» አላት። ከደቂቃ በፊት ሠራተኛ ነበረች፣ አሁን ሰው ሆነች።

ያየቻት ወጣት ሐኪም ናት። ጉሮሮዋን በመብራት አየች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ መብራቱን አጥፍታ አስቀመጠች። በኋላ ቀስ ብላ «እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አለቻት። ሬዲዮ በጣቷ ወለሉን አመለከተች። ሐኪሟ የሆነ ነገር የወደቀ መስሏት ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር ፈለገች። «ከታች ነን ዶክተር» አልኳት እኔ፤ «ከዚህ ክፍል ሥር። ላውንደሪ ነን።» ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ዞራ መነጽሯን ስትጠርግ ቆየች። የእኛ ሬዲዮ በባዶ ጉሮሮዋ እሷን ለማጽናናት ክንዷን መታ መታ አደረገቻት።

ዘግይቷል ተባለ። ጉሮሮዋ ውስጥ ያለው እባጭ ቀድሞ ቢታይ ኖሮ ብዙ ይደረግ ነበር ተባለ። ይህን «ኖሮ» የሚለውን ቃል እባክዎ አንድ ቀን ቢሮዎን ዘግተው ለብቻዎ ይበሉት፤ እንዴት እንደሚዋጥ ያዩታል።

በተኛችበት ሰሞን በምሳ ሰዓት እየወጣሁ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የተኛችበትን አንሶላ ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰችና ዓይኗን ጠቀሰችኝ፤ የእኛ እጅ ሥራ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ወሬ የማቀብለው እኔ ሆንኩ። አልችልበትም ክቡርነትዎ። ነገር ይጠፋብኛል፣ መጨረሻውን አስቀድሜ እናገራለሁ፣ የሰው ድምፅ ማስመሰልም አልሆነልኝም። እሷ ግን በቅንድቧ ታርመኛለች፤ ከፍ ካደረገችው «ይህንን አቆይው» ነው፣ ካጠበበችው «ዋሸሽ» ነው። ልጇ ከአልጋው በወዲያ በኩል ተቀምጣ በእኔ አወራር እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

አንድ ቀን የአውቶቡሱን ረዳት ታሪክ እየነገርኳት ነበር፤ ዶሮ ይዛ ከተሳፈረች ሴት ጋር ለዶሮዋ ቲኬት ቁረጪ አልቆርጥም ሲባባሉ። መሃል ላይ እጇ እጄ ውስጥ ላላ። ልጇ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ታሪኩን ግን አላቋረጥኩም። ዶሮዋ አምልጣ የሹፌሩ መሪ ላይ እስክትወጣ ድረስ ተረክሁላት፤ ማለቂያውን ሳትሰማ እንዳትሄድ ብዬ።

በማግስቱ የዚያ ክፍል ነርስ አንሶላዋን እንደሌላው በልብስ መጣያው ቱቦ አልወረወረችውም። በሁለት እጇ አቅፋ ደረጃውን ወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። አጠብኩት፤ ደረቀ። ጫፉን ይዤ ቆሜ ሌላውን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እንደሌለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ መሬት አቀርቅሯል። አለቃችን፣ ያ «ትንሽ ቻይው» ያላት ሰው፣ ከራሱ ጠረጴዛ ተነሥቶ መጣና ጫፉን አነሣልኝ። ሲያዝዝ እንጂ ሲያጥፍ አይቼው አላውቅም። ግራ ገብቶት «አሁን ወዴት ነው የምሄደው?» አለኝ።

«ወደ እኔ» አልኩት።

መጣ። እጁ እጄን ሲነካ ፊቱን በአንሶላው ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ይቅር እንዳልኩት ለክቡርነትዎ የምገልጸው፣ ይቅርታ የሚገኘው ወርዶ ጫፍ ለሚይዝ ሰው መሆኑን እንዲያውቁት ያህል ነው።

ክቡርነትዎም በሐዘናችን አልተለዩንም። በዋናው በር ላይ «ታታሪ፣ ታዛዥና ዝምተኛ የነበረችው ሠራተኛችን» የሚል የሐዘን መግለጫ አስለጠፉልን። ልጇ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ ቆማ አነበበችውና «እትዬ፣ ይህች ሴትዮ ደግሞ ማን ናት? እሷም ትናንት ነው የሞተችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝምተኛ እናት ኖሯት አያውቅም። ጸሐፊዎ በዚያው ቀን «ከፈለግሽ የእናትሽ ቦታ ክፍት ነው» ስላለቻት ቸርነትም ልጅቷ ታመሰግናለች፤ ቦታውን ግን ለሚመቸው እንዲሰጡት ትለምናለች።

አቤቱታዬ ጥቂት ነው። የተደፈነውን መስኮት ይክፈቱልን። የታመመ ሠራተኛ የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ ደረጃውን ወጥቶ ይታይ። ማስታወቂያውን ያንሡልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ትናንት ወንበር ላይ ወጥቼ በራሴ እጅ አንሥቼዋለሁ፤ ቀዳድጄም ጥያዋለሁ። በዚህ ምክንያት እንደምባረር አለቃችን በሐዘኔታ ነግሮኛል። የስንብት ወረቀቴን ሊሰጡኝ ከፈለጉ ግን እባክዎ ራስዎ ይዘውልኝ ይውረዱ፤ ክፍሉ አሁን እንደ ቀድሞው ይጮኻል፣ ደረጃው ላይ ሳሉ ይሰሙናል።

ረጅም ዕድሜ፣ ጽኑ ጤና፣ የማይዘጋ ድምፅ፣ ሲታመሙም «እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» ሳይባሉ ቶሎ የሚታከሙበት ዕድል እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና አንጀቴ እርር እያለ እሰናበትዎታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ፣
ከወለልዎ በታች አንሶላ የማጥፈዋ፣
የሬዲዮ ጓደኛ

ማስገንዘቢያ፦ በሟች ምትክ ከንብረት ክፍል የላኩልን፣ ግድግዳው ላይ ተመትቶ የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝልን የብረት መንጠቆ በሰላም ደርሶናል። ለአሳቢነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእውነት ጥሩ መንጠቆ ነው፤ አይታመምም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ አያወራም። አንድ ጉድለት ብቻ አግኝቼበታለሁ፤ እኔ አንሶላውን ይዤ ወደ እሱ ስሄድ፣ እሱ ወደ እኔ አይመጣም።